ፍሬዘርን አሳንሳችሁ አሊን ማግነን አትችሉም

ሰሞኑን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስለ ቦክስ ስንከራከር አመሸን። እሱ የመሐመድ አሊ ሰው ነው፣ እኔ የጆ ፍሬዘር። ክርክሩ ዓመታት ያስቆጠረ ስለሆነ ማን ምን እንደሚል ቀድመን እናውቃለን፣ አንዳንዴ እንዲያውም እሱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እኔ እጨርስለታለሁ። የዚያን ቀን ግን ከዚህ በፊት ያላለውን አለ። "ስማ፣ ፍሬዘር እኮ ከአሊ ጋር ባይገጥም ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ሰው አይኖርም።"

መልሱን በስልክ መጻፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ እዚህ ልዘርግፈው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የቦክስ መዝገብ የሚነበበው በዚያ ስለሆነ።)

መጀመሪያ ነገር፣ ፍሬዘር ከአሊ በፊት ማን ነበር? ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ልጅ ሆኖ ከአሳማ ሲሸሽ ወደቀና ግራ ክንዱን ተጎዳ። ለሐኪም የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ክንዱ በራሱ ጊዜ ዳነ፣ ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አያውቅም። ያ እንደታጠፈ የቀረ ክንድ ነው በኋላ ስንቱን ትልቅ ሰው መሬት ያስያዘውን ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) የሚወረውረው። በ1964 ቶኪዮ ኦሎምፒክ የሄደው በተጠባባቂነት ነበር። ቡስተር ማቲስ ሲጎዳ ቦታውን አገኘ፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይ አውራ ጣቱ ተሰበረ፣ ለማንም ሳይናገር ፍጻሜውን ተጫውቶ ወርቁን ወሰደ። በ1970 ደግሞ ጂሚ ኤሊስን አስቁሞ የማያከራክር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ይሄ ሁሉ አሊን ሪንግ ውስጥ ሳያገኘው ነው።

አሊ በነዚያ ዓመታት አይጫወትም ነበር። በ1967 ለውትድርና አልሰለፍም ብሎ ቀበቶውንም ፈቃዱንም ተነጥቋል። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ከሪንግ ውጭ ቆየ፣ ያውም አንድ ቦክሰኛ ከሁሉ በላይ ፈጣን በሚሆንበት ዕድሜ። በዚያ ክፉ ጊዜ ገንዘብ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ማን ነው? ፍሬዘር። ፈቃዱ ይመለስለት ብሎ እስከ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ድረስ የተናገረለትስ? እሱው ፍሬዘር። ሌላው ቢቀር ይሄንን ውለታ እያወቅን እንከራከር።

ከዚያ ማርች 8 ቀን 1971 መጣ። ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። አሊ 31 ተጫውቶ 31 አሸንፏል፣ ፍሬዘር 26 ተጫውቶ 26። ሁለቱም ሳይሸነፉ፣ ሁለቱም ሻምፒዮኑ እኔ ነኝ እያሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏቸው ገቡ። ከሪንጉ ጥግ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ የነበረው ፍራንክ ሲናትራ ነው። እንደዚያ ዓይነት ምሽት ነበር።

አሥራ አምስተኛውን ዙር ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ፍሬዘር ዝቅ ይላል። እንዲያው ጎንበስ ማለት አይደለም፣ ጉልበቱን አጥፎ የአሊ ወገብ ጋ ይደርሳል። ከዚያ መላ ሰውነቱ እንደ ምንጭ ይፈናጠራል፣ ግራ እጁ ከታች ተነስቶ አሊ መንጋጋ ላይ ያርፋል። አሊ በጀርባው ይወድቃል። እግሮቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። ነጭ ጫማው ላይ ያሰራቸው ቀይ ዘርፎች አየር ላይ ሲወናጨፉ ይታያሉ። እኔ ሁልጊዜ የማየው እነዚያን ዘርፎች ነው። ለጭፈራ፣ እግሩ ሲንቀሳቀስ እንዲያምር ያሰራቸው ናቸው።

አሁን ልብ በሉ። አሊ ተነሳ። ያውም ወዲያው። እንደዚያ ዓይነት ቡጢ በአሥራ አምስተኛው ዙር፣ ያንን ሁሉ ቅጣት ከቀመሰ በኋላ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አልጋው ላይ ነበር የሚነቃው። እሱ ግን ቆሞ ዙሩን ጨረሰ። ዳኞቹ በሙሉ ለፍሬዘር ሰጡ፣ አንዱ እንዲያውም 11 ዙር ለ 4። መንጋጋው አብጦ ሆስፒታል ሄደ፣ አሸናፊው ፍሬዘርም ለሳምንታት ሆስፒታል ተኛ።

የኔ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። አሊ ፈጣን እንደነበር ከ1964 ጀምሮ ዓለም ያውቃል፣ ሶኒ ሊስተንን ሲያስቀምጠው ታይቷል። ልቡ ግን እስከዚያ ምሽት አልታየም። ተመትቶ መነሳት ይችላል ወይ? ሲጎዳስ ይቆማል ወይ? ይሄንን እንደዚያ አጥብቆ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፍሬዘር ጠየቀው። ፍሬዘር ባይኖር አሊ መልካም ፈጣን ቦክሰኛ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ዛሬ የምናወራለት አሊ ግን አይሆንም። እንግዲህ ጓደኛዬ ያለውን ገልብጬ ልመልስለት፦ አሊስ ያለ ፍሬዘር?

ለአሊ ሰዎች ፍትሐዊ ልሁን። "የ1971ዱ አሊ እኮ ከእረፍት የመጣ ነው" ይላሉ፣ እውነት ነው። ከተመለሰ በኋላ የተጫወተው ሁለት ግጥሚያ ብቻ ነበር፣ ጄሪ ኳሪ እና ኦስካር ቦናቬና። እግሩ የ1966ቱ እግር አልነበረም። ይሄንን እቀበላለሁ። ግን እንዲህ ከሆነ የማኒላውንም ሦስተኛ ግጥሚያቸውን እንደዚያው ቁጠሩት። የ1975ቱ ፍሬዘር በጆርጅ ፎርማን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ተዘርሮ የተነሳ፣ ግራ ዓይኑ ቀድሞውንም በደንብ የማያይ፣ ከ1971 በኋላ ያ ሰው ሆኖ የማያውቅ ፍሬዘር ነው። ለአንዱ ምክንያት ሰጥታችሁ ሌላውን ስትነፍጉ ነው የማይዋጥልኝ።

በ1974ቱ ሁለተኛ ግጥሚያ ላይ ብዙ አልቆይም። አሊ በነጥብ አሸነፈ፣ አንገት እየያዘ፣ እያቀፈ፣ ፍሬዘር እንዳይሠራ አድርጎ። በሁለተኛው ዙር ፍሬዘር ተጎድቶ ሳለ የሪንጉ ዳኛ ደወል የተደወለ መስሎት ቀድሞ አላቀቃቸው፣ ስለዚህ የአሊ ሰዎችም የሚያጉረመርሙበት ነገር አላቸው። ከሦስቱ ደካማው ይሄ ነው።

ማኒላ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመግባታቸው በፊት አሊ ፍሬዘርን ጎሪላ ብሎ ሰድቦታል፣ ትንሽ የጎማ ጎሪላ ይዞ በካሜራ ፊት ይደበድበው ነበር። ከዚያ በፊትም "የነጮች ሎሌ" የሚል ትርጉም ያለው ስድብ ለጥፎበታል። ለማን? ገንዘብ ለሰጠው ሰው። አሊን በብዙ ነገር አከብረዋለሁ፣ ይሄንን ግን "ትኬት ለመሸጥ ነው" ብለው ሲያልፉት ደሜ ይፈላል። ፍሬዘር ቂሙን አብዛኛውን ዕድሜውን ይዞት ኖሯል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ምን እንደተባሉ አስቡት።

ኦክቶበር 1 ቀን 1975፣ ሙቀቱ የሚያፍን አዳራሽ ውስጥ፣ 14 ዙር። መጀመሪያ አሊ መታው። ከዚያ መሃል ላይ ፍሬዘር ገባበት፣ ጎኑን፣ ኩላሊቱን፣ ዳሌውን ሳይቀር እየጨፈጨፈ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አሊ ከየት እንዳመጣው በማላውቀው ጉልበት ተመለሰ። በአሥራ ሦስተኛው ዙር የፍሬዘርን የጥርስ መከላከያ ከአፉ አስፈንጥሮ አወጣው። የፍሬዘር ቀኝ ዓይን አበጠና ተዘጋ። የሚያይበት ዓይን እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀኝ ቡጢ ሲመጣ አያየውም፣ ሲያርፍበት ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሰልጣኙ ኤዲ ፈች ከአሥራ አምስተኛው ዙር በፊት አስቆመው። ፍሬዘር እየተከራከረው ነበር፣ ልነሳ እያለ። ፈች ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ነጥቡን ሦስቱም ዳኞች ለአሊ ነበር የያዙት፣ ስለዚህ ፍሬዘር ለማሸነፍ አሊን መዘረር ነበረበት፣ ያውም በማያይ ዓይን። ፈች በሪንግ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን ያየ አሰልጣኝ ነው። ትክክል ሠርቷል። እኔ የፍሬዘር ሰው ሆኜ ነው ይሄንን የምለው። በወዲያኛው ኮርነር አሊ ደወሉ ቢደወል ይነሳ ነበር ወይስ አይነሳም የሚለው ዛሬም ያከራክራል፣ እሱ ራሱ ግን ከሞት ጋር በጣም የቀረበበት ግጥሚያ ይሄ እንደሆነ ተናግሯል። እንዲህ ያሰኘውን ሰው ነው እንግዲህ "ያለ አሊ ማንም አያውቀውም" የምትሉት።

ሌላም የሚያናድደኝ ስሌት አለ። "ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ጨረሰው፣ አሊ ፎርማንን በኪንሻሳ ዘረረው፣ በቃ አለቀ" ይላሉ። ቦክስ እንደ ሂሳብ ቢሠራ ኖሮ ጥሩ ነበር። ኬን ኖርተንን ጨምሩበት እስቲ። ኖርተን በ1973 አሊን መንጋጋውን ሰብሮ አሸንፎታል። ፎርማን በ1974 ኖርተንን በሁለት ዙር አፈረሰው። በዚያው ዓመት አሊ ፎርማንን ዘረረ። ስለዚህ ኖርተን ከአሊ፣ ፎርማን ከኖርተን፣ አሊ ከፎርማን። ክብ ነው፣ ጫፍ የለውም። ፎርማን ወደ ፊት እየመጣ ዝቅ ለሚል ሰው የተፈጠረ ነበር፣ አፐርከቱ (ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ቡጢው) ፍሬዘርን እየጠበቀ ነበር የሚገኘው። አሊ ደግሞ ገመድ ላይ ተደግፎ ፎርማን ክንዱ እስኪዝል ያስመታው ነበር። የአጨዋወት ጉዳይ ነው። ፍሬዘር በሕይወቱ አራት ጊዜ ተሸንፏል፣ ሁለቱ በአሊ፣ ሁለቱ በፎርማን። ሌላ ማንም አላሸነፈውም። ይሄንን መስመር ደግማችሁ አንብቡት።

አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ወገን ይዤ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። ማርቪን ሀግለር እና ሹገር ሬይ ሌናርድ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1987። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ "ሀግለር ተዘርፏል" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሀግለር ከ1976 ጀምሮ ተሸንፎ አያውቅም። ሌናርድ የዓይኑ ሬቲና ተላቆ ጡረታ የወጣ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ግጥሚያ ብቻ ያደረገ ሰው ነበር። ገና ድርድሩ ላይ ሌናርድ የፈለገውን አገኘ፦ በ15 ፋንታ 12 ዙር፣ ሰፋ ያለ ሪንግ፣ ወፈር ያለ ጓንት። ሀግለር በለውጡ ከፍ ያለ ክፍያ ወሰደ። ውጤቱ በተከፋፈለ ድምፅ ለሌናርድ ሆነ (ዙር ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ በተለምዶ 9 ነጥብ ነው የሚያገኘው)። አንዱ ዳኛ 115 ለ 113 ለሀግለር፣ አንዱ 115 ለ 113 ለሌናርድ፣ ሦስተኛው 118 ለ 110 ለሌናርድ። ያ 118 ዛሬም ያበሳጨኛል፣ ሀግለር ሁለት ዙር ብቻ ነው ያሸነፈው ማለት ነው። ያንን ግጥሚያ ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም።

ባለፈው ጊዜ አንድ ሰው "በወረቀት ቆጥረህ ታውቃለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። አልቆጠርኩም ነበር። ጭንቅላቴ ውስጥ 117 ለ 111 ለሀግለር የሚል ቁጥር ነበር፣ ከየት እንደመጣ ግን መናገር አልችልም። ስለዚህ አንድ ማታ ወረቀት አወጣሁ፣ ድምፁን አጠፋሁ። ድምፅ ማጥፋት ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። የተንታኙ ድምፅ የለም፣ የሕዝቡ ጩኸት የለም፣ ሁለት ሰዎች ብቻ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አቁሜ፣ ወደ ኋላ ሳልመለስ፣ ቁጥሬን እየጻፍኩ ሄድኩ።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች አሳመሙኝ። ሀግለር ግራኝ ነው፣ ግራኝነቱ ትልቁ መሣሪያው ነው። እሱ ግን እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋች ቆሞ ጀመረ። ለምን? እስካሁን አይገባኝም። ሌናርድ እየዞረ፣ እየነካካ ወሰዳቸው። እኔ ለሀግለር ልሰጥ የፈለግኩት ዙር ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ የቆየሁበት ጊዜ ነበር፣ ልሰጠው አልቻልኩም። ከአምስተኛው በኋላ ሀግለር መጣ፣ የሰውነት ቡጢዎቹ ከባድ ነበሩ፣ ሌናርድ ሲደክም ይታያል። ግን በየዙሩ መጨረሻ ሌናርድ ይነሳና በፈጣን ቡጢ ያዘንባል፣ ብዙዎቹ ክንድ ላይ ያረፉ ናቸው፣ ዳኛው ደግሞ ካርዱን ሲሞላ ዓይኑ ላይ የቀረው እነሱ ናቸው።

ስደምር 114 ለ 114 ወጣ። እኩል። ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ስድስት ስድስት ዙር።

እኩል ከሆነ ሻምፒዮኑ ቀበቶውን ይዞ ይወጣል፣ ስለዚህ በኔ ወረቀት ሀግለር አሁንም ሻምፒዮን ነው። "ተዘርፏል" የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ተቀራራቢ፣ ወዲህም ወዲያም ሊወድቅ የሚችል ግጥሚያ ነው። ሀግለር ከዚያ በኋላ አልተጫወተም፣ መልሱን ግጥሚያ ሲጠብቅ ቆይቶ ሰለቸውና ጣሊያን ሄዶ ኖረ። ቂሙን ተረድቼዋለሁ። ግን ደግሞ በ62 ድል፣ ከ1980 እስከ 1987 በያዘው ቀበቶ፣ ቶሚ ሀርንስን በሦስት ዙር ባስቆመበት በዚያ የ1985 ምሽት የሚታወስ ሰው፣ በአንድ ዳኛ ካርድ ሲለካ ደስ አይለኝም። ደጋፊዎቹ እኛ ነን እንዲህ ያደረግነው። "ተዘረፈ" እያልን ስንጮህ ሰውየውን የተበደለ ሰው ብቻ አደረግነው።

ስለ ዳኞች ካርድ ካነሳሁ የፊሊፒንሱን ማኒ ፓኪያው እና የሜክሲኮውን ሁዋን ማኑኤል ማርኬዝን ሳላነሳ አላልፍም። በ2004 በመጀመሪያው ግጥሚያ ፓኪያው ማርኬዝን በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጊዜ ጣለው። ሦስት ጊዜ! ማርኬዝ አፍንጫው እየደማ ተነስቶ ቀስ በቀስ ግጥሚያውን ቀየረው፣ ውጤቱ እኩል ተባለ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ያንን ዙር 10 ለ 7 ነበር የጻፈው። በእያንዳንዱ መውደቅ አንድ ነጥብ ስለሚቀነስ፣ ሦስት መውደቅ ካለ 10 ለ 6 መሆን ነበረበት፣ ስህተት መሆኑን ራሱ ዳኛው በኋላ አምኗል። ያ አንድ ቁጥር ቢስተካከል ፓኪያው አሸናፊ ነበር። አንድ ቁጥር! ስንቱ ክርክር፣ ስንቱ ስድድብ በዚያ ላይ ተገነባ።

ከዚያ ሁለት ጊዜ ፓኪያው በጠባብ ነጥብ አሸነፈ፣ ሁለቱንም ጊዜ ማርኬዝ አሸንፌያለሁ አለ። በዲሴምበር 2012 አራተኛው። ፓኪያው ማርኬዝን እያደማ፣ ስድስተኛውን ዙር ሊጨርስ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ወደ ፊት ገባ። ማርኬዝ ቀኙን ጠብቆ ሰደደው። ፓኪያው በፊቱ ተደፋ፣ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ይሄንን ሳይ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ፣ ለደቂቃ ያህል ሰውየው ይነሳ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። 42 ዙር የፈጀ ሙግት በአንድ ቡጢ ተዘጋ፣ ግን አልተዘጋም። የፓኪያው ሰዎች "በቁጥር 2 ለ 1 እንመራለን" ይላሉ፣ የማርኬዝ ሰዎች "የመጨረሻው ቃል የኛ ነው" ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ለዚህ ነው የፓኪያው እውነተኛ ባላንጣ ማርኬዝ ነው የምለው። ፍሎይድ ሜይዌዘር አይደለም። ሜይዌዘርና ፓኪያው መግጠም የነበረባቸው በ2010 ገደማ ነበር። በደም ምርመራ (አበረታች መድኃኒት ለመለየት በሚደረገው) ጉዳይ ተጣሉ፣ ከዚያ በሌላ ምክንያት፣ ከዚያ በሌላ። በሜይ 2 ቀን 2015 ሲገናኙ ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያው 36 ዓመታቸው ነበር። 4.6 ሚሊዮን ቤት ከፍሎ አየው። ሜይዌዘር በሰፊ ነጥብ አሸነፈ፣ በትክክል አሸነፈ፣ ፓኪያው በኋላ ትከሻዬ ተጎድቶ ነበር አለ። ሪከርዱ ላይ ተጽፏል። ግን ከዚያ ምሽት የምታስታውሱትን አንድ ዙር ንገሩኝ። እኔ የለኝም። በጣም ጎበዝ የሆኑ ሁለት ሰዎች ለአምስት ዓመት ዘግይተው ተገናኙ፣ ያለፈው ጊዜ ደግሞ አይመለስም።

የሜይዌዘር ሰዎች ሁልጊዜ "50 ለ 0" ይሉኛል። ዜሮውን አከብራለሁ። እንደሱ የሚከላከል፣ ትከሻውን አዙሮ ቡጢን የሚያንሸራትት ሰው አላየሁም፣ በ2013 ገና 23 ዓመቱ የነበረውን ካኔሎን እንዳስተማረው ያየ ሰው ችሎታውን አይክድም። ግን ሃምሳኛው ድል የመጣው የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያውን ባደረገው በኮኖር ማክግሬጎር ላይ ነው። ፓኪያው ብዙ ጊዜ ተሸንፏል፣ በስምንት ሚዛን ደግሞ ሻምፒዮን ሆኗል። ከሁለቱ ማን ይበልጣል? በችሎታ ሜይዌዘር፣ በደፋርነት ፓኪያው እላለሁ፣ እና ደፋርነት ለኔ ትንሽ ይከብዳል። ዜሮን ማምለክ ከጀመርን ቦክሰኞች ዜሮውን ለመጠበቅ ሲሉ ትልቁን ግጥሚያ ይሸሻሉ። ወይም ያዘገያሉ። የምንቀጣው እኛው ነን።

ሮቤርቶ ዱራንንም በአጭሩ ልጥቀስ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚፈረድበት ሰው ስለሆነ። በኖቬምበር 1980 ከሌናርድ ጋር ሲጫወት በስምንተኛው ዙር ጀርባውን ሰጥቶ አቆመ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይሄንን ነው። አምስት ወር ቀደም ብሎ በሞንትሪያል ያንኑ ሌናርድን በ15 ዙር እንዳሸነፈው ግን ይረሳል። በ1989 ደግሞ፣ በቀላል ሚዛን የጀመረ ሰው፣ 37 ዓመት ሞልቶት፣ ሀርንስን ከዘረረው ከአይራን ባርክሊ ላይ የመካከለኛ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። አንድ መጥፎ ምሽት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል ወይ? አይበልጥም።

ስለዚህ አሁን ስከራከር ስንት አሸነፈ ብዬ አልጀምርም። ማንን፣ መቼ፣ በየትኛው ሚዛን ብዬ እጀምራለሁ። ያኛው ሰው ያን ጊዜ ምን ላይ ነበር? ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ሁለቱ ምን ሆኑ? ከ1971 በኋላ ፍሬዘር ያ ፍሬዘር አልሆነም። ከማኒላ በኋላ አሊም ያ አሊ አልሆነም፣ ቢሆንም እስከ 1981 መጫወቱን ቀጠለ፣ ይሄ ደግሞ ሌላ የሚያሳዝን ታሪክ ነው። እርስ በርስ ተጨራረሱ ማለት ይቻላል። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመዘን የማይቻለው ለዚህ ነው።

እና አዎ፣ ከሁለቱ ማን ይበልጣል ካላችሁኝ አሊ ነው። እኔ የፍሬዘር ሰው ሆኜ። 2 ለ 1 አሸንፎታል፣ ሊስተንን ሁለት ጊዜ፣ ፎርማንን አሸንፏል፣ ዕድሜውን ከሕግ ጋር ሲሟገት አጥቶ ተመልሶ ሻምፒዮን ሆኗል። ጓደኛዬ ይሄንን ከኔ ሰምቶ አያውቅምና እዚህ ጋ ሲደርስ እንደሚደሰት አውቃለሁ። እኔ የምቃወመው ደረጃውን አይደለም። ፍሬዘርን የአሊ ታሪክ ውስጥ እንደ ዕቃ ማስገባቱን ነው።

ፍሬዘር በኖቬምበር 2011 በጉበት ካንሰር ሞተ። ቀብሩ ፊላደልፊያ ነበር። አሊ መጣ። በዚያ ጊዜ ፓርኪንሰን በጣም ጎድቶታል፣ መናገር አይችልም ማለት ይቻላል፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ በሰዎች ድጋፍ ነው የገባው። ቄስ ጄሲ ጃክሰን ሕዝቡ ተነስቶ ለፍሬዘር ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያጨበጭብ ሲጠይቅ አሊም ከመቀመጫው ተነሳ። ቆሞ አጨበጨበ፣ ያውም በኃይል።

ይሄንን ለጓደኛዬ ትናንት ማታ ላክሁለት። ብዙ ቆይቶ "ቅዳሜ ማኒላን ድምፁን አጥፍተን እንቁጠር፣ አንተም በወረቀትህ፣ እኔም በወረቀቴ" ብሎ መለሰ። እሺ ብዬዋለሁ። አሥራ አራቱንም ዙር።